«እርሾ አላችሁ ወይ?»

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አንጽፍም። ስለ እንግሊዝ ኳስም አንጽፍም፤ ለእሱ ወንዶቹ ባልደረቦቻችን ይበቃሉ። ዛሬ ጓዳ እንገባለን። ገና ከመነሻው «ይቺ ልጅ ጋዜጠኝነት ተምራ ስለ ሊጥ ልታወራን ነው እንዴ?» ብላችሁ የሳቃችሁ ካላችሁ፣ አዎ፣ ስለ ሊጥ ነው። ስለ ሊጥ፣ ስለ ጀሪካን፣ ስለ መጥረጊያ፤ እግረ መንገዳችንንም ስለ ተስፋ።

«እኛ» የምንለው ራሳችንን ልናከብር አይደለም (እናታችን ብትሰማ «አንቺ ስንት ነሽ?» ትለን ነበር)። «እኛ» ማለት ጋውን ለብሰን ፎቶ የተነሳን፣ ፎቶውን ግድግዳ ላይ የሰቀልን፣ ከዚያ ሥራ አጥተን ከፎቶው ሥር ቁጭ ብለን ሽንኩርት የምንልጥ የጃናሞራ፣ የዳባትና የደባርቅ ሴት ልጆች ነን። አንዷ ትጽፋለች፤ የቀሩት «እሰይ! ይቺንም ጨምሪባት» ይላሉ።

አገራችንን ለማታውቁ፦ ከደባርቅ ተነስታችሁ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በኩል ስትመጡ፣ መኪናው ቧሂት ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣና ጅብራውን እያለፈ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። ፈረንጅ ዋልያና ጭላዳ ሊያይ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣበት መንገድ ነው። እኛ በዚያው መንገድ ዲግሪያችንን በፌስታል ጠቅልለን መጣን። እናታችን ዳቦ ደፍታ ጠበቀችን፤ እልል ተባለ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ቡና ተፈላ። በማግስቱ ማለዳ ዲግሪው ግድግዳው ላይ፣ ጀሪካኑ ጀርባችን ላይ ነበረ።

ምንጭ ወርደን ወረፋ ስንይዝ «ጋዜጠኛዋ! ዛሬ ምን ዜና አለ?» ይሉናል። ይስቃሉ፤ እኛም እንስቃለን። ቤት ስንገባ ግን እናለቅስ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍናቸው በኩርፊያ ነው ብንል ውሸት የለውም። ውሃው፣ ኩበቱ፣ ገብስ መውቀጡና መሸክሸኩ፣ አመድ መዛቁ፣ ሁሉም የመሸነፋችን ምልክት ሆኖ ታየን። የዜና አጻጻፍ የተማረ እጅ ኩበት ሲጠፈጥፍ የሚሰማውን ስሜት የቀመሰ ያውቀዋል።

በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት ሰባኪ ስለ ቤት ሥራ ሲያስተምር ሰማን። እኅቶቼ ሆይ፣ ዕቃ ስታጥቡ ኃጢአታችሁ እንደሚታጠብ አስቡ፤ ቤት ስትጠርጉ ልባችሁን ጥረጉ፤ እንጀራ ስትጋግሩ የሕይወትን እንጀራ አስቡ፣ እያለ። ጥሩ ነው፤ ቃሉም ያምር ነበር። አጠገባችን የተቀመጠችው ጓደኛችን ግን ጎንተል አደረገችንና «ወንድሞችስ ምን ሲሠሩ ነው የሚያስቡት?» አለች። አልነገራቸውም። ሰባኪው ሲጨርስ ጠላ ቀረበለት፤ ጠጣ፤ ዋንጫውን ማን እንዳጠበው ታውቃላችሁ።

እንግዲህ እኛ የቤት ሥራን የሚያሞግስ ስብከት ባሰማን ቁጥር ጥርሳችንን ስንነክስ የኖርን ነን። አሁን ሐሳባችንን ቀየርን ልንል አይደለም። የሆነውን እንንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በወጉ አልጣለም። ጃናሞራንና በየዳን ድርቅ መታቸው። 2016 ሲገባ ከብት ማለቁ፣ ሰው መራቡ፣ በረሃብ መሞቱም ጭምር በዜና ተሰማ። ችግር ብቻውን አይመጣምና በዚያው በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚሰጡት የምግብ እርዳታ፣ እህሉ ላልታሰበለት ሰው እየዋለ ነው ተብሎ በመላ አገሪቱ ለወራት ቆሞ ነበር። ነሐሴ ላይ ደግሞ በክልላችን ግጭቱ ፈነዳ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። የዳባትና የደባርቅ ሰው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደጁ ድረስ መጥቶበት፣ ጭና ላይ የፈሰሰው ደም ገና ከልቡ ሳይደርቅ ነው ይሄ ሁሉ የተደራረበው።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ያስተዋልነው። ገብሱ ሲጠፋ ሥራውም ጠፋ። የሚወቀጥ የለም። የሚነፋ የለም። ወፍጮ ቤት ወረፋ የለም። ሰፌዱ ተሰቅሎ ቀረ። በማለዳ ከየጎጆው ክዳን ሥር የሚወጣው ጭስ እያነሰ መጣ፤ የትኛው ቤት እንደሚጨስና የትኛው እንደማይጨስ ሁሉም ያያል፣ ማንም አይናገርም። ያ ስናማርረው የኖርነው ሥራ፣ ያ ወገብ ሰባሪ፣ ናፈቀን! እናታችን አንድ ቀን ባዶውን ምጣድ አሰሰችው። ምንም የሚጋገር ሳይኖር። «እንዳይሻግት ብዬ ነው» አለች። ምጣድ በሦስት ቀን እንደማይሻግት እኛም እሷም እናውቃለን።

አንድ ማታ ጎረቤታችን መጣች። የልጆች እናት ናት፤ ባሏ በዚያን ጊዜ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዷል። ደጅ ቆማ «እታለም፣ እርሾ አላችሁ ወይ?» አለች።

ለከተማ ልጆች ትንሽ እናብራራ። እርሾ አይሸጥም፤ ከእናት ይወረሳል፣ ሲጠፋ ከጎረቤት ይለመናል። እናታችን የያዘችው ከአማቷ የወሰደችውን ነው፤ አማቷ ከማን እንደወሰደች የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እርሾ መለመን ነውር አይደለም፤ ዱቄት መለመን ግን ነውር ነው። ጎረቤታችን እርሾ አላጣችም። እርሾዋን የምታፈስበት ዱቄት ነው ያጣችው። እሱን መጠየቅ ስላልቻለች የሚያስፈራውን ትታ የማያሳፍረውን ጠየቀች።

እናታችን ፊቷን አንድ ጊዜ አየቻት። «አለ እንጂ እታለም፣ ግቢ» አለቻት። ከቡሃቃው ሥር የቀረውን በማንኪያ አሟጣ በጣሳ አደረገችላት። ከዚያ ጣሳውን ወደ እሳቱ ብርሃን አቅርባ ተመለከተችና «ውይ! ይሄ እርሾ እኮ በብርዱ ደክሟል። እንዲሁ ብወስጂው አይነሳልሽም። ቆይ ዱቄት ላስነካው» ብላ ወደ ጎታው ሄደች። አንድ እፍኝ ጨመረች። አየችው። «አሁንም አልነቃም» አለች። ሌላ እፍኝ። ሌላም። ጣሳው ሞላ። እርሾው ከዱቄቱ ሥር ተቀብሮ አይታይም። ጎረቤታችን «እግዜር ይስጥልኝ፣ እርሾውን መልሼ አመጣለሁ» አለች። «አዎ እርሾውን መልሺ» አለች እናታችን። ስለ ዱቄቱ ሁለቱም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እሷ ከወጣች በኋላ ጎታውን ሄደን አየነው። እጃችንን አስገብተን ስንዳብስ ጣታችን የጭቃውን ወለል ነካ። ተናደድን እንጂ አልተደነቅንም፤ እንዳትታለሉ። «ለእኛስ?» አልናት።

«ምጣዱን አሰሽው?» አለችን።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሄደን ምጣዱን አሰስን።

እኛ ስለ ተስፋ ብዙ የሰማን ትውልድ ነን። በዩኒቨርሲቲ የአነቃቂ ንግግር አዳራሽ ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ ሕልማችሁን ተከተሉ፣ ነገ የእናንተ ነው፣ ምናምን። በቴሌግራም የሚመጣልንም የጠዋት መልእክት እንዲሁ ነው፤ ጽጌረዳ፣ የሻይ ኒኒና ጥቅስ። እርሾ ልትለምን የመጣች ሴት ግን ነገ ልትጋግር ያሰበች ሴት ናት። በባዶ ቤት ውስጥ «ነገ ምጣድ እጥዳለሁ» ብላ የወሰነች። እናታችንም ጎታዋን ባዶ እያየች ምጣድ የምታሳስስ። ሁለቱም ተስፋ የሚለውን ቃል አልተናገሩም፤ እንጃ፣ ብንጠይቃቸውም የሚነግሩን አይመስለንም።

ከዚያ በኋላ ነው ወንጌሉን ከጓዳ ሆነን ያነበብነው። ጌታ መንግሥተ ሰማያትን በእርሾ መሰላት፤ አንዲት ሴት ወስዳ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ በሸሸገችው እርሾ። ይሄን ስብከት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ሦስቱ መስፈሪያ ስንት እንደሆነ የነገረን ግን አልነበረም። የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንት ሲያሰሉት ወደ 40 ሊትር ይጠጋል ይላሉ። አስቡት! ይሄ ለቤተሰብ የሚጋገር አይደለም። ይሄ ለተዝካር፣ ለሠርግ፣ ለመንደር ሁሉ የሚቦካ ነው። ሴትየዋ ድግስ እያሰበች ነበር ማለት ነው። ማንም ሳያያት፣ ጓዳዋ ውስጥ፣ ለአንድ ቀበሌ የሚበቃ እያቦካች።

ሌላም አለ። ደጋ ላይ እርሾ ይዘገያል። ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የእኛ ቀበሌ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ትበርዳለች። ቆላ ላይ በሁለት ቀን ኩፍ የሚለው ሊጥ እኛ ዘንድ አራት ቀንም ይፈጅበታል። ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከምድጃው አጠገብ እናስቀምጠዋለን፣ እንደ ሕፃን። ማታ ማታ እናታችን ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጠዋለች። መፍላት ሲጀምር ቀስ ያለች ድምፅ አለችው፣ እንደ ሹክሹክታ። አብሲት እስኪጣልበት ድረስ በዓይን ሲያዩት ምንም የተለወጠ አይመስልም። ጌታ ሁሉም እስኪቦካ ድረስ ያለበትን ምክንያት የቆላ ሰው በግማሽ ነው የሚገባው ብንል ዳባቶች ይስቁልናል፤ የቆላ ወዳጆቻችን ይቅር በሉን።

የሰራፕታዋን መበለትም እንዲሁ አዲስ ሆና አገኘናት። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ድርቅ ነው፣ ለእሷና ለልጇ የመጨረሻዋን ቂጣ ጋግራ በልተው ሊሞቱ እንጨት ስትለቅም ኤልያስ መጥቶ መጀመሪያ ለእኔ ጋግሪልኝ አላት። ሰባኪዎች ማድጋው እንደሞላ አድርገው ነው የሚነግሩን። መጽሐፉ ግን ሞላ አይልም። አላለቀም ነው የሚለው። ልዩነቱ ለከተማ ሰው ትንሽ ይመስላል። ጎታ የዳበሰ እጅ ግን ያውቀዋል። ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ያች ሴት በየማለዳው ማድጋዋ ውስጥ እጇን ስትሰድ የሚነካት ያው ታችኛው ነበር። በየቀኑ አንድ እፍኝ፣ በየቀኑ ማቡካት፣ በየቀኑ እንጨት መልቀም። ተአምሩ ከሥራ አላሳረፋትም፤ ሥራዋን እንዳታጣ አደረጋት። እኛ ደግሞ ያንን ዓመት ካየን በኋላ ይሄ ትንሽ ተአምር ነው አንልም።

በእርግጥ ሁሉም ማድጋ እንደዚያ አልሆነም። በዚያ ዓመት ጸልየው፣ ሠርተው፣ ሰጥተው የሞቱ አሉ። ይህንን ሳንጽፍ ብናልፍ እኛም እንደዚያ ወጣት ሰባኪ መሆናችን ነው። የእናታችን ሦስት እፍኝ የእርዳታ መኪና አይተካም። መንገድ ዘግቶ እህል ያስቀረ ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ «ሴቶቻችን ጠንካሮች ናቸው» ብሎ ሊያመልጥ አይገባውም። ጥንካሬያቸው ለእሱ መሸሸጊያ አይደለም።

ወደ ጓዳችን እንመለስ። ማርታን መቼም ታውቋታላችሁ፤ በየስብከቱ የምትወቀሰዋን። እኅቷ ማርያም ከጌታ እግር ሥር ቁጭ ብላ ቃሉን ስትሰማ፣ እሷ በማስተናገድ ስትባክን ጌታ ገሰጻት፤ ትክክል ነው። ሰባኪዎቻችን ግን ማርታን እዚያው ወጥ ቤት ጥለዋት ይሄዳሉ። የዮሐንስ ወንጌል 11ኛው ምዕራፍ ላይ አልዓዛር ሞቶ አራት ቀን ሆኖት ጌታ ሲመጣ ወጥታ የተቀበለችው ማን ናት? ማርታ። አንተ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ ነህ ብላ የመሰከረችውስ? ማርታ። ጴጥሮስ መሰከረ ተብሎ የቤተ ክርስቲያን ዓለት የተባለበትን ምስክርነት ነው እሷ በለቅሶ ቤት፣ በድንኳን አጠገብ (እኛ አገር ቢሆን) የሰጠችው። ቀጥሎ ምዕራፍ 12ን ግለጡ፤ ከፋሲካ 6 ቀን በፊት ቢታንያ ላይ ራት ሲደረግ ማርታ ምን ታደርጋለች? ታገለግላለች። ወንድሟ ከመቃብር ከወጣ በኋላም ሞሰቡን ያቀረበችው እሷ ናት። ያን ቀን ግን ስትባክን አልተባለም፤ ስታማርርም አልተጻፈም። ሥራው ያው ነው። እኛ መጀመሪያ የገባነው በ10ኛው ሉቃስ ማርታ ነበር፤ ወደ ዮሐንሷ ማርታ ለመሻገር እየሞከርን ነው። አንዳንድ ቀን ይሳካል። ኩበቱ እርጥብ የሆነ ቀን አይሳካም።

የጓዳን ሰው መርሳት የሰባኪ ብቻ አይደለም፣ የታሪክ ጸሐፊም ነው። ጃናሞራ ስትባል የተማረ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ደረስጌ ማርያምን ነው። ደጃዝማች ውቤ ለራሱ ንግሥ አስቦ ያሠራት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በ1847 ዓ.ም. ግን ደጃች ካሣ ውቤን ድል አድርጎ በእሷው ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዓፄ ቴዎድሮስ ተባለ። እናቱን ወይዘሮ አትጠገብን ጠላቶቹ «ኮሶ ሻጭ» እያሉ ይሰድቡበት እንደነበር ሁላችንም አንብበናል። ስድብ መሆኑ ነው እንግዲህ! ልጇን በኮሶ ገበያ አሳደገች ከተባለ እኛ በእሷ ቦታ ብንሆን እንኮራ ነበር። ለመሆኑ ያን የንግሥ ቀን ለዚያ ሁሉ ሠራዊት ማን ጋገረ? ማን ጠመቀ? ውሃውስ ከየት ወንዝ ተቀዳ?

ሌላም የተረሳ አለ፤ ይሄኛው ያሳፍራል። በጎንደርና በሰሜን አያቶቻችን የጋገሩበትን ምጣድ፣ ውሃ የቀዱበትን እንስራ በብዛት ይሠሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው። ጭቃውን ፈጭተው፣ አሽተው፣ ተኩሰው። ክርስቲያኑ ምጣዳቸውን ገዝቶ በስመ አብ ብሎ ይጋግርበታል፤ እነሱን ግን «ቡዳ» እያለ ከቤቱ ያርቃል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ዘመቻዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ቤታችን ውስጥ አንድ አሮጌ ምጣድ አለ፤ እናታችን «የድሮ ሰው እጅ ነው» ትለዋለች። የማን እጅ እንደሆነ እኛ ነን ጠይቀን ያስነገርናት። ስለ ጓዳ በረከት ስናወራ ይሄም አብሮ ይቆጠርልን።

አሁን ወደ ወንድሞቻችን። (እስካሁን እያነበባችሁ ከሆነ እግዜር ይስጥልን።)

እኛ አገር በዓል ሲሆን ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላል፤ በሬው ያርፋል፣ ገበሬው ያርፋል። ሴቷም እንዝርቷን ታስቀምጣለች፣ ወፍጮ አትፈጭም። ውሃ ግን ትቀዳለች። ወጥ ትሠራለች። ማኅበሩ ተራው የእሷ ቤት ከደረሰ ደግሞ ከበሬው ይልቅ በሬ የምትሆነው ያን ቀን ነው። በሬ ያረፈበትን ቀን ሴት አላረፈችበትም። ይሄንን ስንናገር «ሃይማኖት ነክ ነው፣ ተይው» የሚሉን አሉ። እኛ ደግሞ ሃይማኖት ነክ ስለሆነ ነው የምንናገረው።

«ወንድ አያቦካም» ትላላችሁ። እሺ። የቅዳሴውን ኅብስት ቤተ ልሔም ገብቶ የሚያቦካውና የሚጋግረው ማን ነው? ዲያቆን ነው፤ ወንድ። ማንም «ሴታሴት» ብሎት አያውቅም። ከእኛ ተራራ ማዶ በዋልድባ ገዳምስ ውሃውን የሚቀዳው፣ ቋርፉን የሚያዘጋጀው ማን ይመስላችኋል? መላእክት አይደሉም፣ አባቶቻችን መነኮሳት ናቸው። ቆሎ ተማሪውም ያው ነው። ይሄ አገር ቡሃቃ የሚያውቁ ወንዶች ሞልተውታል፤ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሲወጡ ነው እጃቸው የሚረሳው።

ከባሕር ማዶም እንጨምር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ በካርሜላውያን ገዳም ወጥ ቤት ለዓመታት የሠራ ሎራን የሚባል ወንድም ነበር። ወጥ ቤትን በተፈጥሮው የማይወድ ሰው ነበር (እንወደዋለን በዚህ)፤ ነገር ግን በድስትና በማሰሮ መካከል ሆኖ እግዚአብሔርን ከቤተ መቅደስ ባላነሰ ቅርብ አገኘው። ስለ እሱ የተሰበሰበችው ትንሽ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በብዙ ቋንቋ ትነበባለች። እኛ የገረመን አንድ ወንድ ወጥ ቤት ገብቶ ስለጸለየ መጽሐፍ ሲጻፍለት፣ እናቶቻችን በበስመ አብ ሊጥ ሲያቦኩ፣ እሳት ሲያዳፍኑ፣ ደጅ ሲከፍቱ የኖሩት ስንት ጥራዝ ሊወጣው እንደሚችል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠውን ለመጨረሻ አስቀምጠነዋል። ጌታ ከሞት ከተነሳ በኋላ የሠራውን እስቲ እንቁጠረው። መቃብሩ ውስጥ የራሱ ጨርቅ ለብቻው ተጠቅልሎ ተቀምጦ ተገኘ። ሞትን ድል ያደረገ፣ ዓለም የምትጠብቀው፣ ጨርቁን እንኳ እንደ ወደቀ ትቶት አልሄደም። ከዚያ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ዓሣ አጥተው ሲመለሱ ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ኑና ቁርስ ብሉ አላቸው። ያውም ከጥቂት ቀን በፊት የካደውን ጴጥሮስን! በፍም እሳት ዳር ነበር የካደው፤ በፍም እሳት ዳር ቁርስ አበላው። እሳቱን ማን አቀጣጠለለት? አመዱን ማን ዘቀለት? ራሱ ነው።

ይህን በአንድ የፋሲካ ማግስት ለታናሽ ወንድማችን ነገርነው። 19 ዓመቱ ነው፤ ዝምተኛ ነው፣ የኳስ ፍቅር አለበት። ሰምቶ ዝም አለ። እናታችን «ልጄን አታስጨንቂው» አለችን፤ እሷም አንዳንዴ የእኛ ወገን አይደለችም።

በሳምንቱ ሲመሽ ጀሪካኑ ከቦታው ጠፋ። ሌባ መስሎን ደነገጥን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንድማችን በጨለማ ሞልቶ ተሸክሞ ገባ፤ ጥግ ላይ አስቀመጠው፤ ምንም እንዳልሆነ ሬዲዮኑን ከፈተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይቀዳል፤ ሁልጊዜ ሲጨልም፣ ሰው እንዳያየው። «በቀን ብትሄድስ?» ስንለው ይቆጣል። አንገፋውም፤ ደጋ ላይ ነን።

ጎረቤታችን በሚቀጥለው መኸር ትንሽ ገብስ ቀንቷት እርሾውን መለሰች፤ ጣሳውን አጥባ፣ እስከ አፉ ሞልታ። እናታችን «ውይ፣ ይሄን ያህል አልነበረም እኮ» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ባሏ ከቆላ ተመልሷል።

ወንድማችን ደግሞ ባለፈው ሰሞን ከምንጩ ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኖ ገባ። ምን ሆንክ ስንለው መጀመሪያ አልተናገረም። በኋላ ራት ላይ፣ ሳቁን እያፈነ፣ እንዲህ አለ፦ በጨለማው ምንጭ ዳር ሌላ ሰው ጀሪካን ይዞ ቆሞ አገኘሁ። የጎረቤታችን ባል ነበር። «ደኅና አመሸህ?» ተባባልን። ሌላ አልተነጋገርንም። እሱም ቀዳ፣ እኔም ቀዳሁ፣ በየፊናችን ሄድን።